ሙሽራውን የገደለችው ቺንጋ

የራሱን ለቅሶ በቁሙ ያዳመጠ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ። አስማማው እባላለሁ፤ አዘዞ፣ ዋናው መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። የሞትኩት በጥር ወር፣ በሰርጌ ዕለት፣ ጠዋት ላይ ነው። ጤናዬ ሙሉ ነበር። አዲስ ሱፍ ለብሼ፣ ቁርሴንም ጥርግ አድርጌ በልቼ ነበር።

የገደለችኝ ቺንጋ ናት። ለማታውቋት፣ ቺንጋ ማለት ሞተር ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞና የውሃ ፓምፑን አብራ የምታዞር የጎማ ቀበቶ ናት። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ዕቃ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? የእኔን አሟሟት ስሙኝማ።

መቼም ሰው ሁሉ የየራሱ እብደት አለው። የእኔ ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ የጎረቤት ቴፕ ሲከፈት ግድግዳ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ እውል ነበር። አድጌ ሙያ ስይዝና አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ስሆን፣ ፍሬኗን ከማሠራቴ በፊት ስፒከር ያስገባሁላት ሰው ነኝ። ትርንጎን እንኳ ያገኘኋት በድምፅ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ጥሩምባው ተጣብቆ አልቆምም አለ። መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ወርዷል፤ እሷ ብቻ መስኮት ዳር ቁጭ ብላ ትስቃለች። ሽቦውን ነቅዬ ዝም ሳሰኘው፣ «ምነው አጠፋኸው? ገና ዜማው እየገባኝ ነበር» አለችኝ። በቃ፣ ያኔውኑ አለቀልኝ።

ትርንጎ አዘዞ የሕፃናት መምህርት ነበረች። የተወለደችው ግን ደጋ ላይ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲህ ባለ መንደር ነው። አባቷ አያ ደስታ ይባላሉ። ስማቸው ደስታ ነው፤ ፊታቸው ግን ይህን ስም የሰማ አይመስልም። ሽማግሌ ልኬ እሺ ከተባለ በኋላ ራሴን ላሳይ ወጣሁ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ቀጭን ነው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለትርንጎ። የመጣሁበት የአንድ ቀን መንገድ ያተረፈልኝ እሱን ነው።

እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ መደቡ ላይ ድምፁ የጠፋ ራዲዮ አየሁ። እጄ አላስችል አለኝ፤ ፈታሁት፤ የተበጠሰች ሽቦ ነበረች፣ ቀጠልኳት። አያ ደስታ ከውጭ ሲገቡ ራዲዮው ያወራል። «ማን ነካው?» አሉ። «እኔ ነኝ አባቴ።» ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰሙና ዘጉት። አንድ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ትርንጎን ወደ ጓሮ ወስጄ፣ «አባትሽ ጠልተውኛል» አልኳት። «አይ፣ እሱ እንዲህ ነው» አለችኝ። ሰው ስለ አባቱ እንዲህ ሲል ደግሞ ይብስ ያስፈራል።

ሲሸኙኝ ግን ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ቆም አሉና በከዘራቸው ማዶውን አሳዩኝ።

«ያ የአያ ውበቱ ቤት ነው። አምና ልጁን ሲድር የሰርገኛው ድምጥ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ። እህል አልበላ አለኝ።» ከዘራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «የእኔ ልጅ በዝምታ አትወጣም። ሰርገኛህ ኸዚህ ሸንተረር ላይ ሲደርስ ይሰማ። አለዚያ ባትመጡ ይሻላል።»

እስከዚያ ድረስ ረጅሙን ንግግራቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እንደ ትእዛዝ ያዝኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ከበሮ ይገዛ ነበር። እኔ ዲናሞ ገዛሁ።

ፒክአፗ ቀድሞም ትጮኽ ነበር፤ አሁን የታዘዝኩት ግን ሸንተረር የሚሻገር ድምፅ ነው። ጭነቱ ላይ ደረቴ የሚደርስ የስፒከር ሳጥን፣ ከወንበሩ ሥር ሁለት ድምፅ አጉሊ አምፕሊፋየር አሰርኩ። ከፍቼ ስሞክረው ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይጠቅሰኛል። መብራት ከጠቀሰ አምፕሊፋየሩ ከዲናሞው ጉልበት በላይ እየበላ ነው ማለት ነው። ድሮም ዲናሞዋ የተሠራችው ለመብራትና ለጥሩምባ እንጂ ለሰርግ አይደለም። ከጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ዲናሞ ፈልጌ፣ መቀመጫውን አስበይጄ ገጠምኩ። ሁለተኛ ባትሪ ጨመርኩ። ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ አውራ ጣት የሚያህል ኬብል ዘረጋሁ። መብራቱ መጥቀሱን ተወ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ሰላምታቸውን ተዉ። እኔ ሙዚቃ ስከፍት የቤታቸው ቆርቆሮ አብሮ ይዘፍን ነበርና አልፈርድባቸውም።

የቀረችው ቺንጋዋ ናት። ትልቁ ዲናሞ ሲከብዳት ሲጢጢጥ ትላለች። አዲስ መፈለግ ነበረብኝ፤ ግን ሰርግ ደርሷል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ሱፍ ይለካል። ደረቅ ሳሙና ቀባኋትና ዝም አለች። ከሳሙና የተረፈውን ጩኸት ሙዚቃው ሸፈነው።

«አስማማው፣ ይቺ መኪና እያለቀሰች ነው» አለችኝ ትርንጎ አንድ ቀን።

«የደስታ ነው» አልኳት።

የሰርጉ ጉዞ ቅዳሜ ተጀመረ። ትርንጎ ከሳምንት በፊት ወደ አባቷ ቤት ወጥታለች። እኔ ፒክአፗን ራሴ እነዳለሁ፤ ሙሽራ አይነዳም ቢሉኝ ለማንም አላምናትም አልኩ። አጠገቤ አንደኛ ሚዜዬ ጌታሰው አለ፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ አደጌ ነው፤ ሆዱና ሳቁ ቀድመውት የሚገቡ ሰው። ከኋላ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ዘመድ አዝማዱ ይከተለናል። የእነሱ አለቃ አክስቴ ዘውዴ ናት። ስንነሳ አክስቴ ከበሮ ታቅፋ ብቅ አለች።

«እሱን ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። «ይቺ መኪና እኮ የመቶ ከበሮ ድምፅ አላት። እናንተ ጉሮሯችሁን አሳርፉ።»

«ልጄ፣ ጉሮሮ ባትሪ አያልቅበትም» አለች።

«አክስቴ፣ በሞቴ!» አልኳት። እዩት እንግዲህ፣ በሞቴ ነው ያልኩት። ከበሮው ጎንደር ቀረ።

ደባርቅ አደርን። እሑድ ማልደን ስንወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ሙዚቃውን ለቀቅሁት። መንገድ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቀና ብለው አዩን፤ ቤዙ ሲመታ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ተንከባለለ። «እንኳን ሰው፣ ዝንጀሮም ሰርጉን ሰምቷል!» ብሎ ጌታሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እየቆየ አንድ ነገር ገባኝ፤ ድምፁ እየሳሳ ነው። ዘፋኙ ብርድ እንደመታው ሰው ጉሮሮው ይዘጋል። ለካ ሳሙና የተቀባች ቺንጋ ትንሸራተታለች እንጂ ዲናሞውን በወጉ አታዞረውም። ባትሪዎቹ ከደባርቅ ጀምሮ ይሰጣሉ እንጂ አይቀበሉም።

የመጨረሻው ዳገት ሥር ቅጥቅጡ «ከዚህ በላይ ጎማዬን አልገብርም» ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ በእግሩ ይከተለን ጀመር። እኔ በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ ሸንተረሩ ጫፍ እንደደረስኩ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሙዚቃው ኩፍ ኩፍ ብሎ ጸጥ አለ። ከራዲያተሩ እንፋሎት ተነሳ። ኮፈኑን ስከፍት ቺንጋዋ ተበጣጥሳ እንደ ጥቁር አንጀት ተንጠልጥላለች። ጥሩምባውን ተጫንኩት፤ እሱም ከባትሪው ጋር ሞቷል።

ከታች፣ ከሸለቆው ዳር የአያ ደስታ ግቢ ይታያል። ዳሱ ተጥሏል፤ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ሁሉም ጆሮውን ወደዚህ ሸንተረር አቅንቶ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ስልክ እንዳልደውል ኔትወርክ የሚባል ነገር እዚያ አይታወቅም።

አክስቴ ዘውዴ እያለከለከች ደረሰች። «ተወውና በእግራችን እንውረድ፤ ረፈደ እኮ።»

«በዝምታ አልገባም» አልኩ። «አያ ደስታ ያሉትን ረሳሽው? እናንተ ቅደሙ፤ እኔ አስነስቻት ሙዚቃዬን ይዤ እደርሳለሁ።»

«ሙሽራ ጥሎ የሚገባ ሰርገኛ የት አገር ነው ያየኸው?»

«መንገድ ላይ ነው በሏቸው፤ ምን ችግር አለው?»

«እሺ፣ እኛ እየዘፈንን እንውረድ» አለች።

«በየትኛው ትንፋሽ?» አለ ድንጋይ ላይ የተዘረፈጠው ጌታሰው። እውነቱን ነው። የጎንደር ሰው ያን ዳገት በእግሩ ከወጣ በኋላ እንኳን ሊዘፍን ስሙንም አያስታውስም። ከበሮ የለ፣ ትንፋሽ የለ፤ ሁሉም ተቆጥቶኛል። ጌታሰውም ሳይቀር አንገታቸውን ደፍተው ቁልቁለቱን ጀመሩት። አክስቴ የነጠላዋ ጥለት በአቧራው እንዳይጎተት ብላ አዘቀዘቀችው፤ ሴቶቹ ሁሉ እንደ እሷ አደረጉ። ወንዶቹ ብርዱን ፈርተው ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናነቡ። እኔ ጭንቅላቴን ሞተር ውስጥ ቀብሬ ስለነበር ምን እንደመሰሉ አላየሁም። ባይ ኖሮ ያን ጊዜውኑ እጮህ ነበር። በአገራችን ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በዝምታ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያልተማረ ሕፃንም ያውቃል።

ክራቫቴን ፈታሁ። ሐር ጠንካራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁና አጥብቄ ቋጥሬ በቺንጋዋ ቦታ አስገባሁት። ባትሪዎቹ እንደሞቱ ናቸው፤ ስለዚህ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ ገፍቼ በማርሽ ላስነሳት እየታገልኩ ሳለ፣ ከታች አንድ ድምፅ መጣ።

ጩኸት ነው። አንዲት ሴት፤ ቀጥሎ ብዙ ሴቶች፤ ቀጥሎ ወንዶች። የደስታ ጩኸትና የሐዘን ጩኸት አይምታታም። ከዚያ ግቢ፣ በዚያ ሰዓት፣ እንዲያ የሚለቀስለት ማን ሊሆን ይችላል? አእምሮዬ አንድ ስም ብቻ ነው የሰጠኝ። ትርንጎ።

መሮጥ ጀመርኩ። መንገዱን ትቼ በቀጥታ በታጨደው የገብስ ማሳ ወረድኩ። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አላውቅም፤ የሱፌ ጉልበት ተቀዷል፣ እጄ ዘይት ብቻ ነው። ስሮጥ የሚታየኝ እሷ ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትስቅ ነው። ቅዱስ ሚካኤልን እየጠራሁ፣ «እሷን ብቻ አቆይልኝ እንጂ ስፒከሩን ሸጬ ጥላ አገባልሃለሁ» እያልኩ አለቅሳለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አሁን እየሳቅሁ እነግራችኋለሁ እንጂ ያን ጊዜ እግሬ ሥር ያለው መሬት አልነበረም።

ማሳው የሚያደርሰው ከቤቱ ጓሮ ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። ልገባ ፈለግኩ፤ ፈራሁ። ከውስጥ አንዲት አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች።

«ሚዜው በእግሩ መጣ፣ ሙሽራው የት ቀረ፣
የሰርግ ያልነው ዳስ የለቅሶ ዳስ ኖረ።»

ሙሽራው የት ቀረ? እዚህ ነኝ እኮ፤ አጥር ሥር። ገና ነገሩን ሳልጨብጠው የአያ ደስታ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። ያ ቃል የሚቆጥበው ሰውዬ! ደረታቸውን ሲደቁ ይሰማኛል።

«አስማማው! አንት ሸጋ! አንት ቀጭኑ! ቀጭን ነው ብዬ የናቅሁህ! ራዲዮኔን ሳልለምንህ የጠገንህልኝ! ወንድ ልጅ ነሳኸኝ እያልሁ እግዜርን ስከስ ሰጥቶኝ ኖሯል! በየማታው ዜና ስሰማ ለጎረቤት ልጄ ጠገነው እል ነበር! ልጄ! ለራሱ ግን አንድ ቀን ልጄ ሳልለው!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሞትኩት እኔ መሆኔ ገብቶኛል። ዘልዬ መግባት፣ «አለሁ!» ማለት ነበረብኝ። አልገባሁም። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው፤ ልጄ ብሎ የጠራኝ ወንድ አላስታውስም። አጥሩን ተደግፌ፣ በዘይት እጄ እንባዬን እየጠረግኩ፣ ቀጥሎ የሚሉትን ልሰማ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«አንተ!»

ዞር ስል ትርንጎ ናት። ሙሉ የሙሽራ ልብስ፣ ጫማዋ በእጇ፤ እኔን ፍለጋ ወደ ሸንተረሩ ልትወጣ በጓሮ በር ወጥታ ኖሯል።

«ቁጭ ብለህ ለቅሶህን ታጣጥማለህ?» አለችና በጫማዋ ትከሻዬን መታችኝ። ደገመችኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እሷም ማልቀስ ጀመረች። «አላመንኩም ነበር፤ ግን ፈራሁ» ትላለች።

ነገሩን እዚያው አጥር ሥር ነገረችኝ። መንደሩ ሙዚቃ ሲጠብቅ፣ ሰርገኛው በእግሩ፣ ያለ ዘፈን፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ያለ ሙሽራ ብቅ አለ። አንዲት ሴት «ልጁን መኪና ገደል ከቶታል!» ብላ ጮኸች። በቃ፣ ግቢው ተናወጠ። የእኔ ሰዎች ደግሞ በሩ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ ለቅሶ ይሰማሉ፤ ከሙሽሪት ቤት ሰው ሞቷል ብለው ደነገጡ። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንግዲህ ወጉ ይታወቃል። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በር ላይ ቆሞ «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነው። አክስቴ ዘውዴ ደረቷን እየመታች ገባች። ጌታሰው ትርንጎ የሞተች መስሎት ለእኔ አዝኖ «ወይኔ ወንድሜ! ወንድሜ ምን ይውጠኝ!» እያለ ለቅሶውን ለቀቀው። ሚዜው እንዲህ ካለማ ማን ይጠራጠር? እነዚያ የእነዚህን ለቅሶ፣ እነዚህ የእነዚያን ለቅሶ እያዩ ይብስ አለቀሱ። ስሜ ሲጠራማ የእኔዎቹም ትተውኝ ከወረዱ በኋላ መኪናዋ የገደለችኝ መሰላቸው።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ጌታሰው አልቅሶ ሲያበቃ ጓዳው በር ላይ ሲያየኝ 'አለሽ እንዴ?' ብሎ ሊወድቅ ነበር። ያኔ ገባኝ። ግን ማን ይስማኝ? አባቴን ማን ያስቁመው?»

እጄን ይዛ ጎትታ አስገባችኝ። መጀመሪያ ያየችን አልቃሿ ናት፤ ግጥሟ አፏ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ጌታሰው አማተበ። ከዚያ ዳሱ ሙሉ ሰው ጸጥ አለ። ዝናራቸው ተፈትቶ፣ ጋቢያቸው ወድቆ መሐል የቆሙት አያ ደስታ ብቻ ነበሩ ገና ያልጨረሱት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባቴ። አስማማው።»

«ሞተህ የለም ወይ?»

«አልሞትኩም አባቴ። ቺንጋ ተበጥሶብኝ ነው።»

አያ ደስታ ደንግጠው ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ምኑ ነው የተበጠሰው?»

«የመኪናው ነው አባባ። የእሱ ሁሉም ደህና ነው» አለች።

እኔም ልቤ ሞልቶ ቀረብ አልኩ። «አባቴ፣ ያሉትን ሁሉ ሰምቻለሁ…»

ጋቢያቸውን አንሥተው ፊታቸውን ጠረጉ። ጠርገው ሲጨርሱ ያው የድሮው ፊት ተመልሷል።

«ያን ያልሁት ለሞተው ነው» አሉ። «አንተ አልሞትህም።»

እልልታው የተነሳው ያን ጊዜ ነው። አልቃሿ «ታዲያ እኔ ጉሮሮዬን በከንቱ ነው የጎዳሁት?» ብላ ተቆጣችና፣ ወዲያው ያንኑ ዜማ ሞቅ አድርጋ የሰርግ ዘፈን አደረገችው። የመንደሩ ከበሮ ወጣ። አክስቴ ዘውዴ ነጠላዋን እያስተካከለች በአጠገቤ ስታልፍ፣ «ጉሮሮ ባትሪ አያልቅበትም አላልኩህም?» አለችኝ። መንደርተኛው ሁሉ እየዘፈነ ሸንተረሩ ድረስ ወጥቶ ፒክአፗን እየገፋ አወረዳት። ከማዶ አያ ውበቱ ዘመዶቻቸውን አስከትለው እያለቀሱ መጡ፤ በልተው ጠጥተው እየጨፈሩ ተመለሱ። አያ ደስታ በር ላይ ሲቀበሏቸው፣ «ድምጡ ተሰማህ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያ ውበቱም፣ «ኧረ ወዲያ ማዶም ተሰምቷል» አሉ። የሰርጌ ዕለት አያ ደስታ የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

ስንሄድ ቺንጋ ከየት ይመጣል? አያ ደስታ ሞፈርና ቀንበር ከሚያስሩበት ጠፍር ቆርጠው አመጡልኝ፤ ለቺንጋዋ ልክ አድርጌ ሰፋሁት። ሰው ገፍቶ አስነሳልንና ፒክአፗን እያዘገምኩ፣ እያሳረፍኩ ደባርቅ ደረስን። ጠፍሩን ሲሰጡኝ ግን ከዘራቸውን ወደ ስፒከሩ ቀስረው፣ «ይህን ነገር ኸከፈትኸው ጠፍሬን እመልሳለሁ» አሉ። «አባቴ፣ ድምፅ ይሰማ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» ብላቸው ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ ሰው አልሁህ እንጂ መች ሣጥን አልሁህ?»

እንግዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ጥላውን አገባሁ፤ ስፒከሩን ግን አልሸጥኩም፣ ቅዱስ ሚካኤል ይቅር ይበለኝ። ማንም ሰው ስፒከር አስገባልኝ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ቺንጋውን ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዝም ያለ ሰው ጠልቶኛል ብዬ ማሰብ ተውኩ። እኔ ሰውን የምለካው በሚያወጣው ድምፅ ነበር። ማን ያውቃል፣ እናንተም ጠልቶኛል የምትሉት ሰው በየማታው ለጎረቤት ስለ እናንተ ያወራ ይሆናል። በበኩሌ ደግሞ በልቤ ያለውን ሰው በሕይወት ሳለ ልንገር ብዬ ወሰንኩ። በአክስቴ ዘውዴ ጀመርኩ። ቡና እየጠጣን ሳለ ለእኔ እናትም አባትም እንደሆነች ነገርኳት። ስኒዋን አስቀምጣ በፍርሃት አየችኝ፤ «ምነው? ሐኪሙ የነገረህ ነገር አለ እንዴ?» አለች። ቀላል አይደለም፤ ግን ሞክሩት።

በዚያ መንደር ስሜ እስካሁን ሟቹ ነው። ሸንተረሩ ላይ ስደርስ ሙዚቃውን እዘጋና ጥሩምባ አሰማለሁ፤ «ሟቹ መጣ!» ይባላል። አያ ደስታም ሰው ሲያስተዋውቁኝ፣ «ሟቹ አማቼ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ስም አያውቁልኝም። ባለፈው ጥር ራዲዮው ዳር ለሁለት ተቀምጠን ሳለ ደፈርኩና፣ «አባቴ፣ ያን ቀን ያሉኝን እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ሙትና እደግምልሃለሁ» አሉ።

ከዘራቸውን አንሥተው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ሳያዞሩ ቆም አሉ።

«ተወው» አሉ። «ይቅርብህ፣ ልጄ።»